የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ጉብኝትና ቃለ መጠይቅ ስንሄድ ምን እንልበስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ በብሪታንያ የምንኖር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሁለተኛ ደረጃን ወደ መጨረሱ ስንቃረብ በየዓመቱ የምንጠያየቀው አንድ ጥያቄ አለ። በጁንና በሴፕቴምበር ወራት ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ከፍተው «ኑና እዩን» በሚሉበት ጊዜ፣ በዲሴምበርም አንዳንዶቻችን ለቃለ መጠይቅ ስንጠራ፣ «ምን ልልበስ?» እንባባላለን።

ይህ ጥያቄ ለመንፈሳዊ ጽሑፍ የማይመጥን ተራ ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ልንነጋገርበት ይገባል እንላለን፤ ምክንያቱም ከልብሱ ጀርባ ሌሎች ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ ይኸውም «እንደ እኔ ያለ ሰው እዚያ ምን ቦታ አለው?» የሚል ፍርሃት ነው። ሁለተኛው የቤተሰብ ገንዘብ ነው፤ ሌሊት ቢሮ ስታጸዳ የምታድር እናት ለአንድ ቀን ልብስ ስትል ከቤት ኪራዩ ላይ እንድትቀንስ ያደርጋታልና። ሦስተኛው ደግሞ ማንነት ነው፤ ማተባችንን እንደብቀው ወይስ እንተወው፣ እናታችን ነጠላዋን ለብሳ ብትከተለን ሰው ምን ይለናል የሚለው ሐሳብ ነው። እንግዲህ እነዚህ ሦስቱ ከጨርቅ ይልቅ የነፍስ ጉዳዮች ስለ ሆኑ በዚህ ገጽ ላይ ልናነሣቸው ወደድን።

1. ልብስ እንደሚናገር

እኛ የኢትዮጵያ ልጆች ልብስ ቋንቋ መሆኑን ከቤታችን ተምረናል። አንዲት ነጠላ በቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ትለበሳለች፤ በለቅሶ ቤት ጥለቷ ወደ ላይ ወጥቶ በአንገትና በትከሻ ዙሪያ ይታያል፤ በትልቅ ሰው ፊት የሚቆምም ሰው ያደገድጋል። ጨርቁ ያው አንድ ጨርቅ ነው። አለባበሱ ግን አንዱ «በእግዚአብሔር ፊት ቆሜአለሁ»፣ ሌላው «ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው»፣ ሦስተኛውም «አከብርዎታለሁ» ይላል። ነጠላዋ ስንት እንደ ተገዛች የሚጠይቅ የለም። የሚታየው ንጽሕናዋና እንደ ቦታው መለበሷ ነው።

ይህ በመጽሐፍም ያለ ነገር ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ዮሴፍ ከግዞት ቤት ወጥቶ ወደ ፈርዖን ሲጠራ ጠጕሩን ተላጭቶ፣ ልብሱንም ለውጦ እንደ ገባ ተጽፎአል። እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር እንዳለ እያወቀ «እንዲሁ እንዳለሁ ይቀበሉኝ» አላለም፤ የሚገባበትን ቤት አከበረ። ነገር ግን ፈርዖን የሾመው ስለ ልብሱ አይደለም። ሕልሙን ስለ ተረጐመለት፣ ለሰባቱ የራብ ዓመታትም እህል እንዲከማች ምክር ስለ ሰጠ ነው። ከተልባ እግር የተሠራውን የክብር ልብስ የለበሰው፣ የወርቁንም ዝርግፍ ያጠለቀው ከተመረጠ በኋላ ነው። ከመመረጡ በፊት የሚያስፈልገው ንጹሕ ልብስ ብቻ ነበር። ይህን ቅደም ተከተል ልብ እንበል፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

2. በጉብኝት ቀን መራጮቹ እኛ መሆናችን

ኦፕን ዴይ የሚባለው የጉብኝት ቀን ከቃለ መጠይቅ የተለየ ነገር ነው። በዚያ ቀን የሚመረመረው ዩኒቨርሲቲው እንጂ ተማሪው አይደለም። መምህራኑ ስለ ትምህርታቸው ያስረዳሉ፤ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቤተ ሙከራው፣ የተማሪዎች ማደሪያው ይታያል። የማንንም አለባበስ አይቶ ነጥብ የሚሰጥ፣ ለቅበላ ክፍልም የሚያስተላልፍ ሰው የለም። ስለዚህ «ልብስ የለኝምና አልሄድም» የሚል ወጣት ካለ፣ ምንም ሳይጠየቅ ራሱን በራሱ ጣለ ማለት ነው።

እንግዲህ ለዚያ ቀን ከሁሉ በፊት የሚታሰበው እግር ነው። ሼፊልድና ብሪስቶል ዳገትና ቁልቁለት የበዛባቸው ከተሞች ናቸው። ኦክስፎርድ ከ30 በላይ ኮሌጆች ስላሉት ከአንዱ ወደ አንዱ ሲባል ቀኑን ሙሉ በእግር ያስኬዳል። ለዚህ የለመድነውና እግራችንን የማይልጠን ጫማ ያስፈልጋል። በዋዜማው የተገዛ አዲስ ጫማ፣ በተለይም ተረከዙ ረጅም የሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠውን ትምህርት ትተን ስለ እግራችን ብቻ እንድናስብ ያደርገናል። የዚህን አገር ሰማይ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጠዋት ፀሐይ ቢሆን ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ስለዚህ ሸሚዝ ወይም ቲሸርት፣ በላዩ ሹራብ፣ ከዚያም ዝናብ የሚከላከል ጃኬት ብንደርብ ይበቃል። ጂንስና ስኒከር ለብሶ የሚመጣው ተማሪ እጅግ ብዙ ነውና በዚህ የሚያፍር አይኑር።

ከልብሱ ይልቅ በቦርሳችን የምንይዘው ይበልጣል። እርሱም ደብተር፣ እስክርቢቶና አስቀድመን የጻፍናቸው ጥያቄዎች ናቸው። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጅ ምን ያህል የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል? የማደሪያው ኪራይ ስንት ነው? በጾም ወራት በመመገቢያው የጾም ምግብ ይገኛል? በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን አለ? እነዚህን ጠይቆ የተመለሰ ወጣት፣ የለበሰው ምንም ይሁን ምን፣ ቀኑን በሚገባ ተጠቅሞበታል።

3. በቃለ መጠይቅ የሳኦልን ጥሩር አለመልበስ

አስቀድመን አንድ ነገር እንግለጥ። በብሪታንያ አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቃለ መጠይቅ የለውም፤ በዩካስ በኩል በሚላከው ማመልከቻ፣ በውጤትና በመምህር ምስክርነት ይወሰናል። ቃለ መጠይቅ የሚጠብቀው በተለይ ወደ ኦክስፎርድና ወደ ካምብሪጅ፣ እንዲሁም ወደ ሕክምና፣ ወደ ጥርስ ሕክምና፣ ወደ እንስሳት ሕክምና፣ ወደ ነርስነትና ወደ መምህርነት የሚያመለክተውን ነው። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ፣ የአብዛኛውም የሕክምና ትምህርት ማመልከቻ የሚዘጋው ኦክቶበር 15 ቀን ነው፤ ከሌሎቹ ቀድሞ መሆኑን አንርሳ።

ኦክስፎርድ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው በኢንተርኔት ነው፤ ካምብሪጅም በአብዛኛው እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱም ለአመልካቾች በሚሰጡት ምክር ሙሉ ልብስና ክራባት ግዴታ እንዳልሆነ፣ ተማሪው የሚመቸውን እንዲለብስ ይናገራሉ። ጠያቂዎቹ ነገ የሚያስተምሩን መምህራን ናቸው። አንድ የሒሳብ ጥያቄ፣ አንድ ሥዕላዊ መግለጫ፣ ወይም አንድ አጭር ጽሑፍ አቅርበው ተማሪው እንዴት እንደሚያስብ፣ አዲስ ነገር ሲነገረውም ሐሳቡን እንዴት እንደሚያስተካክል ይመለከታሉ።

እዚህ ላይ የዳዊት ነገር ትዝ ይለናል (1ኛ ሳሙ. 17)። ወደ ጎልያድ ሊወጣ ሲነሣ ንጉሥ ሳኦል የራሱን የጦር ልብስ አውጥቶ ከራስ ቁሩ እስከ ጥሩሩ አስታጠቀው። ሳኦል ክፉ አላሰበም። ልብሱም የንጉሥ ልብስ ነውና መጥፎ ልብስ አልነበረም። ዳዊት ግን ጥቂት ሊራመድ ቢሞክር አልሆነለትም፤ አልለመደውምና አወለቀው። ከዚያም በሜዳ በጎቹን ሲጠብቅ እጁ የለመደውን ወንጭፍ ይዞ ወረደ።

ብዙ ሰው በፍቅር የሳኦልን ጥሩር ያቀርብልናል። አጎት የራሱን ኮት ያውሳል፤ ትከሻው ሰፊ ነው። ጓደኛ ውድ ሰዓቱን ይሰጣል፤ እጅጌያችን ሥር ይንሸራተታል። ክራባት አሥሮ የማያውቅ ወጣት አንገቱ ታንቆ ሲቀመጥ፣ መምህሩ ስለ ሒሳቡ ሲጠይቀው እርሱ ስለ አንገቱ ያስባል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት አባቶቻችን ይህንን አይተው ነው። በራሱ ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ አእምሮአችንን ከሥራው ስለሚያዘናጋ ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ ይህ ይሁን፤ ለብሰነው የምንረሳው ልብስ እርሱ ትክክለኛው ልብስ ነው። የታጠበና የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ወይም ንጹሕ ሹራብ፣ ለትምህርት ቤት የምንለብሰውም ኮት ቢሆን፣ ይበቃል። ከቀኑ አስቀድመን ለብሰነው አንድ ሰዓት ያህል እንቀመጥ፤ ደረት ላይ የሚጨንቅ፣ ስንጽፍ የሚይዘን፣ ሁልጊዜ ወደ ታች የምንጐትተው ከሆነ ሌላ እንፈልግ። ሙሉ ልብስ ለብሶ የሚመቸው ወጣትም ይልበስ፤ ዳዊት የማይሆነውን አወለቀ እንጂ የጦር ልብስ የለበሰውን ሁሉ አልነቀፈም።

ቃለ መጠይቁ በኮምፒዩተር ሲሆን ጥቂት ነገር እንጨምር። ቀጫጭን መስመር የበዛበት ሸሚዝ በካሜራ ሲታይ የሚርገበገብ ስለሚመስል አንድ ቀለም ያለው ይሻላል። ብርሃኑ ከፊታችን እንጂ ከኋላችን አይሁን። ከላይ ሸሚዝ ከታች የቤት ሱሪ አንልበስ፤ ድንገት ለመነሣት ብንገደድ እናፍራለንና። ቤታችን ጠባብ ከሆነና ታናናሾቻችን ጸጥ የማይሉ ከሆነ፣ ትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል እንዲሰጠን አስቀድመን እንጠይቅ። ከኋላችን ባለው ግድግዳ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ቢኖር ግን ልናወርደው አይገባንም።

ቀደም ብለን ወዳነሣነው ቅደም ተከተል እንመለስ። በኦክስፎርድ ተማሪ በይፋ ሲመዘገብና ለዩኒቨርሲቲው ፈተና ሲቀርብ ጥቁር ካባ፣ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ልብስ ይለብሳል፤ «ሰብ ፈስክ» ይሉታል። በ2015 እ.ኤ.አ. ተማሪዎቹ ልብሱ ለፈተና ግዴታ ሆኖ ይቀጥል ወይስ ይቅር ተብለው በድምፅ ሲጠየቁ፣ ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ይቀጥል አሉ። ከደጋፊዎቹ ምክንያቶች አንዱ ካባው የሀብታሙንም የድኻውንም ልጅ እኩል ያለብሳል የሚል ነበር። እንግዲህ እንደ ዮሴፍ ነው፤ የክብሩ ልብስ ከመመረጥ በኋላ ይመጣል። በደጅ ሳለን ካባ የሚጠይቀን የለም።

4. ሕክምና ለሚያመለክቱ፤ ስለ ማተብም

ወደ ሕክምና የሚያመለክቱ ወንድሞችና እኅቶች ነገር ትንሽ ይለያል። ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልካቹን ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ ጣቢያ እያዘዋወሩ በየጥቂት ደቂቃው በተለያዩ ሰዎች ያስጠይቁታል፤ ይህ አሠራር የተጀመረው በካናዳ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ የሚጠበቀው አለባበስ በሕመምተኛ ፊት ለመቆም የሚያበቃ ነው፤ ይኸውም የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ጨዋ ሱሪ ወይም ጉርድ ቀሚስ፣ የታሠረ ጠጕር፣ አጭርና ንጹሕ ጥፍር ነው። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሕመምተኛ የሚነኩ ሠራተኞች ከክርናቸው በታች ክንዳቸው የተራቈተ እንዲሆን የሚያዝዝ መመሪያ በ2007 እ.ኤ.አ. ታውጆአል፤ እጅ እስከ አንጓው በሚገባ እንዲታጠብ፣ ተውሳክም በእጅጌና በሰዓት እንዳይተላለፍ ነው። ይህን ምክንያት የተረዳ አመልካች እጅጌውን ሲሰበስብ ለሌላው ሰው ጤና እያሰበ ነው።

ማተብስ? ማንም አመልካች ማተብ ወይም መስቀል በማሰሩ ብቻ ከዩኒቨርሲቲ እንዳይከለከል የ2010 እ.ኤ.አ. የእኩልነት ሕግ ይጠብቀዋል፤ ሃይማኖት በሕጉ ከተጠበቁት ነገሮች አንዱ ነውና። በጃንዋሪ 2013 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በስትራስቡርግ ስለ አንገት መስቀል ሁለት ፍርድ ሰጥቶአል። ናዲያ ኤዌይዳ የተባለችው የብሪቲሽ ኤርዌይስ ሠራተኛ መስቀሏን በግልጥ ማድረግ በመከልከሏ ከስሳ ተፈረደላት። ሸርሊ ቻፕሊን የተባለችው ነርስ ግን በሕመምተኞች ክፍል ውስጥ የአንገት ሐብል ስለ ደኅንነት ሲባል መከልከሉ ተገቢ ነው ተብሎ አልተፈረደላትም። ከዚህ የምንማረው ማተባችን የሚያሳፍር አለመሆኑን ነው፤ ደግሞም የሕመምተኛ ደኅንነት ሲጠየቅ በትሕትና ተነጋግሮ መፍትሔ መፈለግ እምነትን መካድ አይደለም። ለቃለ መጠይቅ ግን ማተብን ለመበጠስ ምንም ምክንያት የለም። ሹሩባ የተሠራች እኅታችንም ጠጕሯን ልትፈታ፣ ሻሿንም ልትጥል አይገባትም፤ ንጹሕና ሥርዓት የያዘ ይሁን እንጂ።

5. ስለ ወላጆቻችን ገንዘብና ስለ እናት ነጠላ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ወላጆቻችን ለትምህርት ከሆነ ያላቸውን ሁሉ ይሰጣሉ፤ የሌላቸውንም ተበድረው ይሰጣሉ። ስለዚህ መጠየቁን የምንመጥነው እኛ ነን። «ሁሉም አዲስ ልብስ ይለብሳል» ብለን ብንነግራቸው ያምኑናል፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። በዱቤ የሚገዛ ልብስ የቃለ መጠይቁ ቀን ካለፈ በኋላም ሲከፈል ይኖራል። በቻሪቲ ሾፕ በጥቂት ፓውንድ ጥሩ ሸሚዝ ይገኛል፤ ቤት ውስጥ ያለውም በሳሙናና በካውያ አዲስ ይሆናል። በየሰንበት ትምህርት ቤታችንም ትምህርታቸውን የጨረሱ ወንድሞችና እኅቶች ያልጠበባቸውን ንጹሕ ኮትና ሸሚዝ የሚያኖሩበት አንድ ቁም ሣጥን ቢኖረን መልካም ነው፤ ልኩ የሆነለት ይወስዳል፣ ሲጨርስም አጥቦ ይመልሳል። የባቡሩ ዋጋ የከበደበትም ዩኒቨርሲቲውን ይጠይቅ፤ የጉዞ ወጪ የሚረዱ ብዙዎች ናቸውና።

በጉብኝት ቀን ወላጆች እንዲመጡ ይጋበዛሉ። ታዲያ አንዳንድ ወጣት እናቱን «ነጠላሽን ተዪው» ወይም «እኔ ብቻዬን ብሄድ ይሻላል» ይላል። እናትም ነገሩ ይገባታል። «እሺ ልጄ፣ ሥራም አለብኝ» ብላ ትቀራለች፤ ለምን እንደ ቀረች ለማንም አትናገርም። ወንድሞችና እኅቶች፤ አባትና እናትን ስለ ማክበር የተሰጠው ትእዛዝ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲደርስ አይቆምም። ወደዚያ በር ያደረሰን የእርሷ ድካም ነው።

ደግሞስ እኛ እንደምናስበው በዚያ ቤት ባዕድ ናት? ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ከኢትዮጵያ ያመጣቸው የግዕዝ የብራና መጻሕፍት፣ መጽሐፈ ሄኖክም ጭምር፣ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሪቻርድ ሎውረንስ የተባለው ሊቅ በ1821 እ.ኤ.አ. መጽሐፈ ሄኖክን ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ ያሳተመው እዚያ ካለው የግዕዝ ቅጂ ነው። እናታችን በቅዳሴ የምትሰማው ቋንቋ እኛ ማመልከቻ ከመሙላታችን ከብዙ ዘመን በፊት በዚያ በር ገብቶ ሊቃውንት አጥንተውታል። ታዲያ ነጠላዋ ስለ ምን ከደጅ ይቀራል? «እማዬ፣ ነጠላሽን ልበሺና አብረን እንሂድ፤ ጫማሽ ግን የሚመች ይሁን» እንበላት።

ይህን ስንል ለእርስ በርሳችንም ነው። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ሰው በክብር ቦታ አስቀምጠው፣ ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድኻ ከእግር በታች የሚያስቀምጡ ምእመናን ተገሥጸዋል። ዩኒቨርሲቲ በልብሳችን እንዳይፈርድብን የምንፈልግ እኛ፣ በሰንበት በጉባኤያችን የጓደኛችንን ጫማ አይተን የምንሣሣቅ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ያቺ ሣቅ ነገ አንዱን ወጣት ከጉብኝት ቀን ታስቀረዋለች።

በመጨረሻም ሠለስቱ ደቂቅንና ዳንኤልን እናስብ። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 ወጣቶቹ በባዕድ አገር ለትምህርት ተመረጡ፤ የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ሦስት ዓመት ተማሩ። ከዚያም በንጉሡ ፊት ቀርበው በቃል ተጠየቁ፤ በጥበብም የሚተካከላቸው አልተገኘም። የባዕዱን ትምህርት በትጋት ተቀበሉ፤ የአምላካቸውንም ሕግ አልለቀቁም። ምን ለብሰው እንደ ቀረቡ ግን መጽሐፉ አልነገረንም። ሳሙኤልም በእሴይ ቤት ሲቆም የሰውን ቁመናና መልክ እንዳይመለከት፣ እግዚአብሔር ልብን እንደሚያይ ተነግሮታል።

እንግዲህ ንጹሕ ሆነን፣ የለመድነውን ለብሰን፣ ማተባችንን አንገታችን ላይ፣ ጥያቄዎቻችንን ደብተራችን ውስጥ፣ እናታችንን ከጎናችን አድርገን እንሂድ። ተቀባይነት ብናገኝ እናመስግን፤ ባናገኝም የእግዚአብሔር ልጅነታችን አይጐድልም፤ ሌላም በር አለ። አምላከ ዳዊትና አምላከ ዳንኤል ጥበብንና ማስተዋልን ያድለን፤ የወላጆቻችንንም ድካም ፍሬ ያሳያቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።